የጡረታ ዘመናችሁን ሐዋሳ ልታሳልፉ ካሰባችሁ፣ ከቤቱ በፊት እድር ፈልጉ

በወር አንዴም ሁለቴም ስልክ ይደወልልኛል። የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ የዘመድ ጎረቤት ነው። ጥያቄው አንድ ነው። «ሐዋሳ እንዴት ነው? እኛም ጡረታችንን እዚያ ልናሳልፍ አስበናል።» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ሆዴም ይባባል። እኔና ባለቤቴም በ2010 እንዲሁ ብለን ነበር የመጣነው። ዛሬ እሱ የለም። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ከእንግዲህ ወዴትም አልሄድም። መሃል ላይ ያየሁት ግን ብዙ ነው። ግማሹ እግዜር ያመጣው ነው፣ ግማሹ የራሴ ስህተት ነው። የምጽፈው ስለ ስህተቱ ነው፤ እናንተ ላይ እንዳይደርስ።

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። 30 ዓመት አገልግሎ፣ 60 ሲሞላው በ2009 ጡረታ ወጣ። ሒሳቡን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ 10 ዓመት ካገለገለ የደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የሚታሰበውም በመጨረሻው ወር ደመወዝ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ የደረሰው 55 በመቶ ነው። ይህን ቁጭ ብለን ያሰላነው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። እናንተ ቢያንስ አምስት ዓመት ሲቀራችሁ አስሉት።

እኔ በግል የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ሲታወጅ፣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለት ሥራ ሲለቁ አንድ ላይ የሚከፈል ቁጠባ፣ የነበረን ሰዎች ከፈለግን በዚያው መቀጠል እንችል ነበር። እኛም በዚያው ቀጠልን። አንድ ላይ የሚሰጠው ብር አጓጓን። ሥራ ስለቅ ብሩን ተቀበልኩ፤ ለቤት ግዢ ዋለ፤ አለቀ። በየወሩ የሚመጣ የራሴ ገቢ አልነበረኝም ማለት ነው። የሰው ሒሳብ ስሠራ ኖሬ የራሴን በደንብ አላየሁም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሐዋሳን የመረጥነው በሦስት ቀን ነው። የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር፣ ወሩ ጥቅምት። ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ሄድን፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ቀትር ላይ አሞራ ገደል ወርደን ትኩስ ዓሣ ጠብሰውልን በላን። ባለቤቴ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ እያየ እንደ ልጅ ሳቀ። አዲስ አበባ እያለን እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። «እዚህ ነው የምንኖረው» አለኝ። በአራት ወር ውስጥ አዲስ አበባ ያለችንን ትንሽ ቤት ሸጠን ሐዋሳ ኮንዶሚኒየም ገዛን።

ያን ሳቅ አይቶ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ስድስት ወር ተከራይታችሁ ኑሩ። ክረምቱን እዩት። ከዝናቡ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን እዩት፤ የወባ ጊዜ ነውና አጎበር ያስፈልጋል። ምሽት ላይ ሐይቅ ዳር ለሚቀመጥ ደግሞ ትንኙ አይጣል ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያበላሻል፣ ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊትም በቤቱ ላይ የቀረ የባንክ ዕዳ መኖር አለመኖሩን አጣሩ። እኛ ይህቺን ብቻ በትክክል አድርገናል።

የመረጥነው ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ከበረንዳው ሐይቁ በጭላንጭል ይታያል። ምድር ቤት አንድ ባዶ ቤት ነበር፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ የሚታየው ግን የጎረቤት ግድግዳ ነው። ኮንዶሚኒየማችን አራት ፎቅ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ አሳንሰር የለውም። ባለቤቴ ያኔ 61 ዓመቱ ነበር፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣ ነበር። 65 ሲሞላው ጉልበቱ ምን እንደሚሆን ማን አሰበ?

ሰፈሩን ሰዉ ሁሉ «የጡረተኛ ሰፈር» ይለዋል። ሕንፃዎቹ ከሃያ በላይ ናቸው። ስንገባ ከሁለት ቤት አንዱ የጡረተኛ ነበር። መምህራን፣ የባንክ ሰዎች፣ ነርሶች፣ የቀድሞ ጦር አባላት ነበሩ። ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ የጦሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይህች ከተማ ድሮም የጡረተኛ ከተማ ናት» ይሉኝ ነበር። በ1950ዎቹ ሐዋሳ ስትቆረቆር መሬት ተሰጥቷቸው ከሰፈሩት የመጀመሪያ ነዋሪዎች መካከል ጡረተኛ ወታደሮች እንደነበሩበት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እንግድነቴን ያስረሳኝ ይህ ወሬ ነው። ከእኔ በፊትም ደክሞት መጥቶ እዚህ ያረፈ ሰው አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ደስታ ነበር። ጠዋት በእግር ሐይቅ ዳር ደርሰን እንመለሳለን። ወንዶቹ ከግራሩ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። እኛ ሴቶቹ ቡና እናዞራለን፤ ሰኞ የአንዷ ቤት፣ ረቡዕ የሌላዋ። በሁለተኛው ወር የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ይዘው ቤታችን መጡ። የአባላት ቁጥር 84፣ ወርሃዊ መዋጮ 50 ብር፣ መግቢያ 4,500 ብር። መግቢያው ለምን በዛ ብለን ጠየቅን። እድሩ ያጠራቀመው 378,000 ብር ለ84 አባላት ሲካፈል ነው አሉ። አዲስ ገቢ ከነባሮቹ ጋር እኩል የሚሆነው ያን ሲከፍል ነው። በብዙ እድር ያለ አሠራር ነው፣ አዲስ ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ «ገና ትናንት መጥተን ለሞት እንቸኩላለን እንዴ?» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቤቱን ቀለም አስቀብተን፣ ቁም ሳጥን አሠርተን ብሩ ሳስቶ ነበር። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ እድራችን አለን ብለን አሰብን። ግን እዚያም በየወሩ ሄዶ የሚከፍልልን አጣን። የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ትከፍልልናለች ብለን ነበር፤ አገባችና ሰፈር ቀየረች። ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል ደንቡ። ተሰረዝን። 22 ዓመት የከፈልንበት እድር ነበር። የሰማነው ከተሰረዝን ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የዚያን ቀንም አልደነገጥንም። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ከተማ ስትቀይሩ በአዲሱ እድር ስማችሁ ተጽፎ የመጠበቂያ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የድሮውን አትልቀቁ። የሚከፍልላችሁን ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት አድርጉ።

ከዚያ ሰፈሩ መለወጥ ጀመረ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የልብስ ፋብሪካዎቹ ያሉበት ግቢ፣ በ2008 ሐምሌ ቢመረቅም ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ በጨመሩ ቁጥር ከገጠር የሚመጡት ልጆች በዙ። የቤት ኪራይ ተወደደ። በእኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ጡረተኛ ሲሞት ወይም ልጆቹ ጋ ሲሄድ ቤቱ ይከራያል። ተከራዮቹ የፓርኩ ልጆች ናቸው፤ በአንድ ስቱዲዮ አምስትም ስድስትም ሆነው ይገባሉ። በ2012 በእኛ ደረጃ ላይ ካሉት ቤቶች አምስቱን ልጆቹ ያዟቸው።

ተቸገርን፤ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ኃይሉም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ያው ሁላችንም ምድር ቤት ካለው ቧንቧ በጀሪካን እንቀዳለን። ስድስት ልጅ በአንድ ቤት ሲኖር ስድስት ሰው ሙሉ ጀሪካን ይሰለፋል። የሌሊት ሺፍት ሲገባና ሲወጣ ደረጃው ይንኳኳል። ባለቤቴ ደም ግፊት አለበት፣ እንቅልፍ አጣ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ከዚህ በኋላ ለፓርክ ሠራተኛ አይከራይ» የሚል አቤቱታ ለቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ይጻፍ አሉ። ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ጻፊ ተባልኩ። እኔ ጻፍኩት። «ለሰፈሩ ሰላምና ንጽሕና የማይመቹ» የምትል ሐረግ አለችበት። የእኔ ቃል ናት። ማኅበሩ ወረቀቱን መግቢያው ላይ ለጠፈው፣ ልጆቹም በየቀኑ ሲገቡ ሲወጡ አነበቡት። ያስቀረው ነገር የለም። ቤቱ የየግል ስለሆነ ማን ለማን እንደሚያከራይ ማኅበሩ ማዘዝ አይችልም። የቀረልን ኩርፊያ ብቻ ነው። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ እነሱም እኛም ዓይናችንን እንሰብራለን።

በዚያው ጊዜ ባለቤቴ ከቤት መውጣት ተወ። ጉልበቱ ነው። መጀመሪያ በቀን ሁለቴ ይወርድ የነበረው አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ። ዳማ ጓደኞቹ ደግሞ አንድ በአንድ ጎደሉ። ሁለቱ አረፉ፣ አንዱ አሜሪካ ልጁ ጋ ሄደ፣ አንዱ ዓይኑ ደከመ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያችን የሐይቅ ጭላንጭል ያያል። የገዛንባት ዕይታ እስር ቤት ሆነችበት። እኔ «ይረፍ» ብዬ ተውኩት። ማረፉ አልነበረም፤ መከፋቱ ነበር። ቤታችሁ ያለ ሽማግሌ በሳምንት ስንት ጊዜ ደጅ እንደወጣ ቁጠሩ። ቁጥሩ ሲቀንስ ዝም አትበሉ። ምድር ቤት ካለ ሰው ጋር ተለዋወጡ፣ ተከራይታችሁም ቢሆን ውረዱ። እኔ ይህን ሳደርግ ለእሱ ዘግይቶ ነበር።

በ2014 መጀመሪያ ሰፈሩ እንደገና ተናወጠ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣለሁ አለች፤ በታኅሣሥም ተፈጻሚ ሆነ። ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ይላክ የነበረው ልብስ ያን ዕድል አጣ፣ ከፓርኩ የለቀቁ ኩባንያዎች ነበሩ። ልጆቹ ከሥራ ተቀነሱ። ገሚሶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቀያቸው ሄዱ፣ ገሚሶቹ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ተጨናንቀው ቀሩ። በኪራይ የሚተዳደሩ ጡረተኞች ቤታቸው ባዶ ቀረ። «ይውጡልን» ብለው የፈረሙት ሰዎች ተከራይ ፍለጋ ደላላ ቤት ተመላለሱ።

የካቲት ላይ፣ ለሊቱን ወደ አሥር ሰዓት፣ ባለቤቴን ስትሮክ መታው። አፉ ተጣመመ፣ ግራ እጁ ከዳው። በሩን ከፍቼ ጮህኩ። ቀድመው የደረሱት ከላይ ቤት ያሉት ልጆች ናቸው። በጋቢ ጠቅልለው፣ አራት ሆነው፣ ሦስት ፎቅ አወረዱት። አንዷ በነጠላ ጫማ ሮጣ ባጃጅ ይዛ መጣች። ሆስፒታል ደርሶ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

አስከሬኑን ይዤ ስመለስ የእድሩ ዳኛ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «እትዬ፣ ደንቡ አይፈቅድልኝም፤ ድንኳኑን ማውጣት አልችልም» አሉኝ። እንባቸው ይወርድ ነበር። አልተቀየምኳቸውም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ደንብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጡሩምባ አልተነፋም፣ የእድር ወንበር አልወጣም። አዲስ አበባ እንዳልደውል ተሰርዘናል። በ65 ዓመቱ የሞተ ሰው፣ 22 ዓመት የሰው ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰው፣ ያለ እድር ቀረ።

ዳኛው ግን ሄደው ዝም አላሉም። እሳቸውና ሌሎች አምስት አባላት ከኪሳቸው አዋጥተው ድንኳን ተከራዩልኝ። ንፍሮውን የቀቀሉት ልጆቹ ናቸው። ለሦስት ቀን ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ ወንበር የሚያነሱት፣ ሳህን የሚያጥቡት እነሱ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ውሃ አልቆ ስጨነቅ ያች ባጃጅ ያመጣችው ልጅ መጣች። «እማማ፣ አይጨነቁ። ከኛ ቤት ሰባት ጀሪካን አውርደናል፤ እኛ ነገ እንቀዳለን» አለችኝ። አቤቱታውን የጻፍኩት በውሃ ምክንያት ነው። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነም ታውቃለች። ከአርባው በኋላ ቤታቸው ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ ወረቀቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ኀዘኑ ሳይወጣልኝ የወረቀት ጣጣ መጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፣ በተለይ እናንተ ሚስቶች። ጡረተኛ ሲሞት ለሚስቱ ወይም ለባሏ የሚተላለፈው ሟቹ ያገኝ ከነበረው ጡረታ 50 በመቶ ነው። ከደመወዙ አይደለም፣ ከጡረታው ነው። የ55 በመቶ ግማሽ 27.5 በመቶ ነው። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ዘይቱ በግማሽ አይቀንስም። ይህን ቁጥር ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና በዚያ ብር ወር ይደረሳል ወይ ብላችሁ ተነጋገሩ። እኛ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ባል «ስሞት» ብሎ ሲጀምር ሚስት «አፍህን!» ትላለች። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ግማሹንም ለማግኘት አምስት ወር ፈጀብኝ። እኛ የተጋባነው በሽማግሌ ነው፣ የጋብቻ ወረቀት የለንም። በእኛ ዘመን ማን ያወጣ ነበር? አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንኳ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። በዚያ ላይ በባለቤቴ የሥራ ማኅደር ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ቤት ውስጥ የምጠራበት ነው፤ መታወቂያዬ ላይ ያለው የመዝገብ ስሜ ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ምስክር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ሚስትነቴንና ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስመሰከርኩ። አንደኛው ምስክሬ 78 ዓመታቸው ነበር። ዓመት ብንዘገይ ኖሮ ማን ይመሰክርልኝ ነበር?

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተጋባችሁ ከሆነ ጋብቻችሁን አስመዝግቡና የምስክር ወረቀት ያዙ። የባላችሁን ወይም የሚስታችሁን የሥራ ማኅደር አስከፍታችሁ ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው በትክክል መጻፉን እዩ። የልደት ዘመንም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ነው የሚጸናው። ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የፈረሰም ቢሆን፣ የአገልግሎት ማስረጃውን በቁማችሁ ሰብስቡ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ የት እንዳለ ለአንድ ልጅ ወይም ጎረቤት ንገሩ። የእኔ አሁን ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ጡረታው ሲፈታልኝ መጀመሪያ የሄድኩት እድር ነው። 4,500 ብሩን በዘጠኝ ወር ከፍዬ ልጨርስ ብዬ ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ። በዚያው ሰሞን የገንዘብ ያዡ ዓይን ደክሞ ስለነበር መዝገቡን እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ከ84 ሰው 50 ብር፣ በወር 4,200፣ በዓመት 50,400 ብር ነው። አባል ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሞት የሚከፈለው 12,000 ብር ነው። አራት ሰው ከሞተ 48,000፣ ይበቃል። በዚያ ዓመት ግን የቀበርነው አምስት ነው። 60,000 ብር ወጥቷል። የሁላችንም ዕድሜ 70ን እየነካ ነው፤ ከርሞ ስድስት ይሆናል፣ ከዚያ ሰባት። ወደ ልጆቹ የሚሄደውም እየሄደ መዋጮው ይቀንሳል። ብሩ ቢተርፍ እንኳ ድንኳኑን የሚሸከም ጉልበት የለም። ባለፈው ቀብር ላይ አስከሬን የተሸከሙት የ68 ዓመት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው መንገድ ላይ ወደቁ።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ወጣት የማይገባበት እድር የመጨረሻውን አባል የሚቀብርበት አይኖረውም። ያራቅነው ደግሞ እኛው ነን። 4,500 ብር መግቢያ ለአንዲት የፋብሪካ ልጅ ያኔ የወራት ደመወዝ ነበር።

ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ተከራዮች በ500 ብር ይግቡ፣ ወርሃዊው ያው 50 ይሁን አልኩ። የመጀመሪያው ስድስት ወር ገንዘብ አይከፈላቸው፣ ጉልበትና ንፍሮ ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግማሽ፣ 6,000 ብር ይሁንላቸው። ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ። እነዚህ ልጆች እዚህ የሚያስጨንቃቸው የራሳቸው ሞት አይደለም። እናት አባታቸው ገጠር ናቸው። መርዶ ሲመጣ መሳፈሪያ የላቸውም፤ ለቀብር ሳይደርሱ ይቀራሉ። ስለዚህ በዚያው ቀን 2,000 ብር በእጃቸው ይሰጣቸው አልኩ።

ጉባኤው አልተቀበለኝም። «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» አሉ አንድ አባት። «የኛን ላብ ለመንገደኛ ልትበትኚ ነው?» ያሉኝም ነበሩ። ሒሳቡን ቁጥር በቁጥር ባስረዳም አልገባም። በነገሩ ሁለት ወር ተኮራረፍን። እኔም ያኔ የተማርኩት ሽማግሌን በጉባኤ መሃል በቁጥር መርታት እንደማይቻል ነው። በየቤቱ ዞርኩ። ቡና እየጠጣሁ «እርሶ ሲያርፉ ማን ይሸከሞታል? ስም ይጥሩልኝ» እላለሁ። ሁለት ስም ጠርተው ሦስተኛው ላይ ዝም ይላሉ። የጦሩ ሰው የሆኑት ሽማግሌ ናቸው በመጨረሻ ነገሩን ያነሱልኝ። ሁለተኛው ጉባኤ ላይ ተነስተው «በጦር ሜዳ ጓዴን የምሸከመው አገሩን ጠይቄ አልነበረም» ብለው ተቀመጡ። በዚያው ጸደቀ።

ሁሉም አማረ አልልም። መጀመሪያ ከገቡት 31 ልጆች 12ቱ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ከተማ ለቀው መዋጮ አቋረጡ። አሁን ደግሞ አንዳንድ ባለቤቶች ቤታቸውን በቀን ማከራየት ጀምረዋል፤ ማን ገባ ማን ወጣ አይታወቅም፣ እሱን እንዴት እንደምንይዘው ገና እየተጨቃጨቅን ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ገብተዋል፣ አዲስ ተጋቢዎች ገብተዋል። ከጡረተኛው በሕይወት ያለው ሲሶ አይሆንም። ግን ባለፈው ዓመት ስድስት ሰው ቀብረን ድንኳኑን የተከሉት ወጣቶች ናቸው። መርዶ የመጣባቸው ሦስት ልጆችም ለእናት ለአባታቸው ቀብር ደርሰዋል።

ልትመጡ ያሰባችሁ ሰዎች ሰፈር ስትመርጡ ዛፉንና ሐይቁን ካያችሁ በኋላ የእድሩን ጸሐፊ ፈልጉ። አባላቱ ስንት ናቸው፣ ከ40 ዓመት በታች ያለው ስንት ነው፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ቀበራችሁ፣ ስንት ብር ወጣ ብላችሁ ጠይቁ። ካፈሩ ወይም ከተቆጡ ሌላ ሰፈር እዩ። በገባችሁበት ሳምንት ተመዝገቡ። ብሩ ካነሰ ቁም ሳጥኑ ይቆይ።

እኔ አሁን ምድር ቤት ነኝ። አዲስ ተጋቢዎች የሐይቁን ዕይታ ፈልገው ተለዋወጥን። በመስኮቴ የሚታየኝ የጎረቤት ግድግዳና የውሃ ቧንቧው ነው። ጠዋት ልጆቹ ጀሪካን ይዘው ሲመጡ «እማማ እንዴት አደሩ» ይሉኛል፤ የእኔንም ሳልጠይቅ ሞልተው በሬ ላይ ያስቀምጡታል።

የእድር መሰብሰቢያ ቀን የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው። መዝገቡን ይዤ ከግራሩ ሥር እቀመጣለሁ፣ ዳማ ይጫወቱበት የነበረው ድንጋይ ላይ። ያች ባጃጅ ያመጣችው ልጅ አሁን አዲስ አበባ ሌላ ፋብሪካ ገብታለች። ቅዳሜ ማታ በቴሌብር 50 ብሯን ትልክልኛለች። ደውዬ «ልጄ፣ እዚያ ያለሽበት እድር ገብተሻል?» አልኳት። «እየፈለግኩ ነው፤ እስካገኝ ድረስ ስሜን እንዳትሰርዙብኝ» አለችኝ። ከስሟ ፊት ለፊት ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።